በኢክራም ፊት የገደፍኩባት ጠዋት

ይህን ታሪክ የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ይሳቅ። እኔም ስቄበታለሁ፤ ግን ቆይቼ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት በቤቴ ወለል ላይ ተዘርሮ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ለነበረው ሽማግሌ ምንም የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ተፈራ ነው። ሐረር ተወልጄ ሐረር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሸዋ በር አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ከዚያ ሞባይል የሚሉት ነገር መጣና ሬዲዮውንም፣ ቴፑንም፣ ሰዓቱንም ባንድ ላይ ዋጠ፤ የኔን ሱቅ አስከትሎ። ባለቤታቸው ሳይወስዳቸው የቀሩትን ሬዲዮዎች በካርቶን ጠቅጥቄ ጀጎል ውስጥ ወዳለው ቤቴ አስገባኋቸው። ባለቤቴ አልማዝ በሕይወት ሳለች "ቤቴን የሬዲዮ መቃብር አደረግከው" እያለች ትነጫነጭ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚነጫነጭብኝም ጠፋ። አንዲት ልጃችን አግብታ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

"አባ፣ በላህ?" ትለኛለች።

"በላሁ" እላታለሁ። ብበላም ባልበላም መልሴ ያው ነው። ማን አይቶ?

ሰው ስለ ብቸኝነት ሲያወራ ትልቅ ነገር ያስመስለዋል። እኔ የማውቀው ብቸኝነት ጥቃቅን ነገር ነው። ስታስነጥስ "ይማርህ" የሚልህ ማጣት ነው። የገዛኸው ጎመን ግማሹ ሳይበላ መጠውለጉ ነው። ማታ የግቢህን በር ከውስጥ ትቀረቅርና በማግስቱ ማታ ልትቀረቅር ስትሄድ እንደተቀረቀረ ታገኘዋለህ። ቀኑን ሙሉ ማንም አልመጣም፣ አንተም የትም አልሄድክም ማለት ነው።

ግንብ የሚያዋስኑኝ ጎረቤቴ አዴ መሬማ ናቸው። ባላቸው፣ አላህ ይርሐመውና፣ የልብ ወዳጄ ነበር። አሁን ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸውና ምራታቸው ቀን ቀን ሸዋ በር ልብስ ሲሸጡ ስለሚውሉ ቤቱ ለአዴ መሬማና ለኢክራም ይቀራል። ኢክራም ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ምላሷ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል።

በግቢዎቻችን መካከል ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ፣ ከመሬት ብዙም ሳትርቅ፣ አንዲት ቀዳዳ አለች። ጀጎል ውስጥ በድሮ ቤቶች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አይደለም። ሴቶቹ ወደ መንገድ ሳይወጡ ፍምም፣ ሳህንም፣ ወሬም ይቀባበሉበታል። አልማዝና አዴ መሬማ በዚያች ቀዳዳ ስንቱን ተቀባብለዋል! አልማዝ ስትሞት ቀዳዳዋም ሥራ ፈታች። ኋላ ኢክራም አገኘቻት። ጭንቅላቷን ካስገባች ሌላው ገላዋ ይከተላል፤ ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ እንደ ቀበሌ ሹም ግቢዬን ትቆጣጠራለች።

"ጋሽ ተፈራ፣ አንተ ግን ለምን ጸጉር የለህም?"

"አንቱ በይ!" ይጮኻሉ አዴ መሬማ ከግንቡ ወዲያ።

"አንቱ ግን ለምን ጸጉር የለህም?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ "አንተ" ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልማዝ ከሞተች ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ "እርስዎ" ብሎኝ ያልፋል።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። ከተማው ሁሉ ጾመኛ ሆነ። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። አልማዝ ያስለመደችኝ ነው፤ ከሞተች በኋላም አልተውኩትም። ኢክራም ደግሞ የልጅ ጾም ጀምራ ነበር፤ የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ ምሳዋን በልታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ፈረቃዋ የከሰዓት ነው።

"አንተም ትጾማለህ?" አለችኝ አንድ ጠዋት።

"እጾማለሁ። ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "ወላሂ ትዋሻለህ። አንተ ብቻህን ነህ። ማን ያይሃል? ትበላለህ።"

"እግዚአብሔር ያየኛል።"

"እኔም አይሃለሁ" አለች፤ ነገሩም እዚያው ተጀመረ።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። አንዱ ሌላውን ሲበላ ከያዘው፣ የተያዘው መንገድ ላይ ወጥቶ "ሆዳም ነኝ!" ብሎ ይጮኻል። ጨዋታው የዙሁር አዛን ሲሰማ ያበቃል፤ እስከዚያ ግን ማባበልም፣ ማታለልም፣ መሰለልም ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ሰላም አልነበረንም። ተምር መስኮቴ ላይ አስቀምጣ ከበር ጀርባ ትደበቃለች። እኔ የከረሜላ ልጣጭ ቀዳዳዋ ሥር ጥዬ ባዶ አፌን ሳላምጥ እቆያለሁ። "ያዝኩህ!" ብላ ስትገባ አፌን ከፍቼ አሳያታለሁ፤ በብስጭት መሬቱን ትረግጣለች። እኔ ያረጀሁት ሰውዬ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ "ዛሬ ምን ልሥራባት?" ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ለመነሳት ምክንያት ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከሁሉም የበለጠውን ተንኮል ሠራሁባት። ኮቴዋን ስሰማ ወለል ላይ ተዘርሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምራቄን ጉንጬ ላይ ቀባሁና እንባ አስመሰልኩት።

"ኢክራም፣ በረሃብ መሞቴ ነው" አልኳት እያቃሰትኩ። "አያትሽን ጥሪልኝ። እውነቴን ነው።"

ቀስ ብላ ቀረበች። ጎንበስ ስትል "ያዝኩሽ!" ብዬ ብድግ አልኩ። የጩኸቷ ብዛት! ከዚያ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ተንከባለለች። "ድገመው" አለችኝ። "ነገ" አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ አሮጌ ሬዲዮ ላወርድ ዱካ ላይ ወጣሁ። ካርቶኑ ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ካርቶኑን ሳብ ሳደርገው ዱካው ከሥሬ ሸሸ። መውደቄን አላስታውስም፤ ድምፁን ብቻ ነው የማስታውሰው፤ እንጨት የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ልነሳ ስል ግራ እግሬ አልታዘዘኝም። ዞር ብዬ ሳየው የጫማዬ ጫፍ ወደ ውጭ ዞሮ ተጋድሟል። ከዳሌዬ የተነሳው ሕመም ትንፋሼን ዘጋው።

"የሰው ያለህ!" አልኩ።

የጀጎል ግንብ ለሙቀትም ለብርድም ጥሩ ነው፤ ለጩኸት ግን አይሆንም። ወፍራም ነው። ከውጭ የአህያ ኮቴ፣ የልጆች ጫጫታ፣ የሰላምታ ድምፅ እሰማለሁ። እኔ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ አይሰሙኝም። የቤቴ በር ክፍት ነው፤ የግቢው በር ግን እንደ ወትሮው ከውስጥ ተቀርቅሯል። አዴ መሬማ ጆሯቸው ደክሟል። ደጋግሜ ጮኽኩ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። በክርኔ ልሳብ ሞከርኩና ዓይኔ ጨለመብኝ።

ከዚያ ስልኬ ጠራ። ማዶ ግድግዳው ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ነበር። ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ። ማን ይሆን? ልጄ ልትሆን አትችልም፤ ማክሰኞ አትደውልም። ኋላ ሳየው የማላውቀው ቁጥር ነበር፤ ተሳስቶ የደወለ ሰው ነው። በሳምንት አንዴ የሚጠራ ስልክ እንኳን ያን ሰዓት የጠራው በስህተት ነው።

ያኔ ፈራሁ። በእውነት ፈራሁ። ልጄ እሑድ ትደውላለች፤ ካላነሳሁ ቤተ ክርስቲያን ቆይቷል ትላለች። እስከ እሑድስ ማን ይቆያል? አዴ መሬማ ባላየው ይቅር ብለው ዝም ካሉስ? እየጾመ ነው፣ ተኝቶ ነው ካሉስ? የሚያገኙኝ ስሸት ነው ብዬ አሰብኩ። ሞትን ያን ያህል አልፈራም ነበር፤ ከአልማዝ በኋላ ተላምደናል። ሳይታወቅልኝ መሞትን ግን ፈራሁት። እንደዚያ ያለ ፍርሃት በዕድሜዬ አላየሁም።

የቀረችኝ ኢክራም ናት። እሷም ብትሆን አዛን እስኪል ነው። አዛን ካለ ጨዋታው ያበቃል፤ ምሳዋን በልታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አመሻሽ ላይ ስትመለስ ቀጥታ ወደ ኢፍጣር ነው። እንግዲህ እስከ አዛን ካልመጣች፣ ወይም መጥታ ካላመነችኝ፣ አለቀልኝ ማለት ነው።

በተከፈተው በር በኩል ቀዳዳዋ ትታየኛለች። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ። በመጨረሻ አንድ ትንሽ ጭንቅላት ብቅ አለ። ቀሚሷን አራገፈች፤ በእግር ጣቷ እየተራመደች መጣችና ደፍ ላይ ዘለለች።

"ያዝኩህ!"

አየችኝ። ቆመች። ከዚያ ያ ጥርስ አልባ ፈገግታዋ መጣ።

"ዛሬም?"

"ኢክራምዬ፣ የኔ እናት፣ ወድቄ ነው። አያትሽን ጥሪልኝ።"

"አቦ ተው! ትናንትም እንዲህ ብለሃል።"

"የዛሬው እውነቴን ነው።"

"ትናንትም 'እውነቴን ነው' ብለሃል።"

ልክ ናት። አሁን የምሞክረውን ቃል ሁሉ ትናንት አባክኜዋለሁ። ጥቂት አሰበችና እሷም ከደፉ አጠገብ ተዘረረች። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች።

"እኔም ሞትኩ" አለች።

ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተኝተናል። አንድ ዓይኗን በትንሹ ከፍታ ታየኛለች፤ መቼ "ያዝኩሽ!" እንደምል እየጠበቀች። እንባዬ መጣ።

"ምራቅ ነው" አለች ሳትነሳ። "አውቀዋለሁ።"

"ኢክራም!" ብዬ ጮኽኩባት። "ሂጂና ጥሪ አልኩሽ! አሁኑኑ!"

ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬያት አላውቅም። ተነሳች። ፈገግታዋ ጠፋ፣ ታችኛው ከንፈሯ ተንጠለጠለ።

"ከአንተ ጋር አልጫወትም" አለችና ዞራ ሄደች። "ኢክራምዬ! ለአያትሽ ተጣልተናል ብለሽ ንገሪያቸው!" እያልኩ ስጮኽ እግሮቿ በቀዳዳዋ ገብተው ጠፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ርዝመቱን ልነግራችሁ አልችልም። ከግንቡ ወዲያ ጆሮዬን አቆምኩ። የሳህን ድምፅ ሰማሁ፤ የአዴ መሬማን ሳል ሰማሁ፤ ሌላ ምንም የለም። አልተናገረችም። አኩርፋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። አንድ ግንብ ለይቶን፣ እሷ በኔ ተቀይማ፣ እኔ እዚህ እየሞትኩ። መድኃኔዓለምን ለመንኩት፤ የለመንኩት ግን እግሬን እንዲያድንልኝ አልነበረም። "ኩርፊያዋን አሳጥርልኝ" ነው ያልኩት።

ልጅ ሲያኮርፍ፣ ደግነቱ፣ ኩርፊያው አይበረክትም። ጭንቅላቷ እንደገና ብቅ አለ። የመጣችው ግን ልትታረቀኝ አልነበረም፤ ልትበቀለኝ ነው። እጇ ላይ ተምር ይዛለች። ከደፉ አልፋ ገባች፤ እጄ ሊይዛት የማይችልበት ርቀት ላይ ሆና ተምሩን ወለሉ ላይ አንከባለለችው። እጄ አጠገብ ደረሰ። ወደ ኋላዋ ሸሽታ በሩን ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

"ብላ" አለችኝ። "ማንም አያይህም።"

ተምሩን አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ። የምለው ሁሉ ለሷ ጨዋታ ነው። ማቃሰቴ ጨዋታ ነው፣ እንባዬ ምራቅ ነው፣ ቁጣዬም ሳይቀር ተንኮል ነው። በጨዋታው ውስጥ ሆኜ ፈጽሞ እንደማላደርገው የምታውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው።

እጄን ዘረጋሁ። እሷ በደስታ ቁጭ ብድግ ማለት ጀመረች። ተምሩን አነሳሁትና አፌ ውስጥ ጨመርኩት። አላመጥኩ። ዋጥኩ። ፍሬውን መዳፌ ላይ ተፍቼ አሳየኋት።

"በላሁ" አልኳት። "አሸነፍሽኝ። ሆዳም ነኝ።"

አፏን ለጩኸት ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ፍሬውን አየችው፤ ፊቴን አየችው፤ ደግማ ፍሬውን አየችው።

"ለምን በላህ?" አለችኝ በቀስታ።

"መነሳት አቃተኝ፣ ልጄ።"

"ዘጠኝ ሰዓት እኮ አልሞላም!"

"አውቃለሁ።"

"እግዚአብሔር እኮ አየህ!"

"ይየኝ።"

ያኔ ዓይኗ ከፊቴ ወርዶ እግሬ ላይ አረፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። "እግርህ ወዲያ ዞሯል" አለች፤ ፊቷ ተለወጠ፤ ሮጠች። በቀዳዳዋ ውስጥ እያለች ነው መጮኽ የጀመረችው።

"አዴ! አዴ! ጋሽ ተፈራ በላ!"

"ቢበላስ?" ሲሉ ሰማኋቸው አዴ መሬማ። "አንቺን ምን አገባሽ? ዝም በይ!"

"በላ! ሳይሞላ በላ! ወላሂ በላ!"

አዴ መሬማ ያውቁኛል። አልማዝንም ያውቋት ነበር፤ በዚያች ቀዳዳ ሳህን ሲልኩላት ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ሸፍናው እንደምትጠብቅ ያውቃሉ። የምርኩዛቸው ድምፅ ወደ ግንቡ ቀረበ። በዚያ ዕድሜያቸው ተንበርክከው ፊታቸውን በቀዳዳዋ አሳዩኝ።

"አንተ ተፈራ! ምን ሆነህ ነው?"

"ወደቅኩ፣ አዴ። እግሬ ተሰበረ።"

"ያ ረቢ!" አሉና የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠሩ።

ጎረምሶች በግንቡ ዘለው ገቡ። የግቢዬ በር ለስንት ጊዜ ተዘግቶ ኖሮ በአንድ ጊዜ ያን ሁሉ ሰው አስገባ። ባጃጅ በኔ ቅያስ ስለማታልፍ ፍራሼ በተነጠፈበት ሳንቃ ላይ አስተኝተው በትከሻቸው ወደ ሸዋ በር ይዘውኝ ወጡ። ፀሐይ ዓይኔን ስለወጋኝ ፊቴን በነጠላ ሸፈኑልኝ። ታዲያ የሚያልፈው ሰው ምን ይበል? ለሞተ ሰው የሚባለውን "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" ይላል። ሱቁ በር ላይ የነበረ ሰው "ማነው?" ሲል ሰማሁት።

"ያ ሬዲዮ ጠጋኙ ነው።"

"ምስኪን። ለመሆኑ ሰው ነበረው?"

የሳንቃው ተሸካሚዎች ሳይመልሱ ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች፤ በባዶ እግሯ ተከትላን ኖሯል።

"አልሞተም!" ትላለች እያለቀሰች። "አልሞተም! ተምር በልቷል!"

አጥንቴ በቀዶ ሕክምና ተገጠመ። ልጄ ከሐዋሳ መጣችና አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ይዤው እሄዳለሁ አለች። አዴ መሬማ አልሰሟትም። "በእግሩ እስኪሄድ ድረስ እኛ ጋ ነው" አሉና በትልቁ ክፍላቸው፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ሳህኖችና ሰፌዶች ሥር፣ እሳቸው በሚቀመጡበት መደብ ላይ አስተኙኝ። ለንስሐ አባቴ መግደፌን ስነግራቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። በምርኩዝ መራመድ ስጀምር ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ልጄን ሐዋሳ አልሄድም አልኳት።

እንግዲህ "ተረፍክ፣ ተመስገን" ትሉኛላችሁ። ተመስገን። ግን ያጣሁትንም ልንገራችሁ። ኢክራም ከዚያ ወዲህ አትጫወትም። ከሌላ ልጅ ጋር ትጫወታለች፤ ከኔ ጋር ነው የማትጫወተው። አንድ ቀን እንደ ድሮው ላስቃት ብዬ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፅ ስላጣሁ ገልጬ ሳይ ቆማ እግሬን ታያለች። "እንደሱ አታድርግ" አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከበር ጀርባ የምትደበቅብኝ፣ የምታታልለኝ ልጅ የለችም፤ በምትኳ የምትጨነቅልኝ አንዲት ትንሽ ሴትዮ አለች። ሰው የሚያስብለት ሲያገኝ ብቸኝነቱ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። አያልቅም። አንዳንድ ጠዋት ያቺ ተንኮለኛ ልጅ ትናፍቀኛለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ብቻችሁን የምትኖሩ፣ ልመክራችሁ አልሞክርም፤ እኔ ማን ነኝና? አንድ ነገር ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ። ሳይሞላ ብትበሉ ደንግጦ የሚሮጥ ሰው አላችሁ? ጾማችሁን፣ ልማዳችሁን፣ ሰዓታችሁን የሚያውቅ ሰው? ከሌላችሁ በራችሁን አትቀርቅሩ። እኔ መቀርቀሪያዬን ነቅዬዋለሁ።

ኢክራም አሁን አድጋለች፤ ትከሻዋ ሰፍቷል፤ የምትመጣው በግቢው በር ነው። በየጠዋቱ፣ ቁርሷን እንኳን ሳትበላ፣ ትመጣና የቤቴን በር ገፋ አድርጋ ታየኛለች። አትገባም፤ ብዙም አትናገርም። አይታኝ ትመለሳለች። እኔ በፊት እንቅልፋም ነበርኩ፤ ማን ይፈልገኛል ብዬ እስከ ረፋድ እተኛ ነበር። አሁን እሷ ከመምጣቷ በፊት እነሳለሁ። ፊቴን ታጥቤ ወደ በሩ ዞሬ አልጋዬ ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፤ ስትከፍተው እንዳትደነግጥ ዓይኔን ከፍቼ እጠብቃታለሁ።